በቤት ውስጥ ስለሚሠራው ትንሽ ምድር ባቡር የምልክት መብራት

የልጆችን ጨዋታ ከትምህርት ለይቶ እንደ ከንቱ ነገር መቍጠር በብዙ ቤት የተለመደ ነው። ሆኖም በማስተዋል ለሚመራቸው ወላጅ፣ ከረዥም ተግሣጽ ይልቅ የልጅን ልብ የሚያቀኑ ጨዋታዎች ይገኛሉ። ከእነዚህም አንዱ በጠረጴዛ ላይ በተዘረጋ ሐዲድ የሚሽከረከረው ትንሽ የኤሌክትሪክ ባቡር ነው። ዛሬ ልንጽፍ የወደድነው ስለ ባቡሩ አይደለም፤ ከሐዲዱ ዳር ቆሞ በቀይ «ቁም»፣ በአረንጓዴ «እለፍ» ስለሚለው ስለ ምልክቱ መብራት ነው። ይህን መብራት ከነሽቦው በቤት ውስጥ መሥራት ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። አሠራሩ ግን ሁለት ዓይነት ነው፤ አንደኛው መንገድ መብራቱን ጌጥ ያደርገዋል፣ ሁለተኛው መንገድ ምስክር ያደርገዋል።

ልጅ ለብቻው ሲተው በመጀመሪያ የሚሠራው የጌጡን ነው። አንድ ባትሪ፣ ሁለት ትንንሽ አምፑልና አንድ ማብሪያ ይይዛል፤ ማብሪያውን ወደ ግራ ሲመታው ቀዩ፣ ወደ ቀኝ ሲመታው አረንጓዴው ይበራል። ሲያዩት ያምራል፤ በማታ የክፍሉ መብራት ጠፍቶ ሲታይማ ቤተ ሰቡን ሁሉ ደስ ያሰኛል። ነገር ግን ጥቂት ጊዜ አጠገቡ ቆሞ ለሚመለከት ሰው ጉድለቱ ይገለጥለታል። ልጁ ባቡሩ ሲቆም ማየት ስለማይወድ አረንጓዴውን አብርቶ ይተወዋል። ከወረቀት በተሠራው ዋሻ ውስጥ አንድ ፉርጎ ተቈርጦ ቀርቶ እንደ ሆነ አረንጓዴው ያው አረንጓዴ ነው፤ ተከታዩ ባቡር ገብቶ ይላተማል። መብራቱ የተናገረው በሐዲዱ ላይ ያለውን ነገር ሳይሆን የልጁን ምኞት ነው።

ስለዚህ ወላጅ ልጁን ሊጠይቀው የሚገባው የመጀመሪያ ጥያቄ፣ «ይህ መብራት የሚናገረው የማንን ቃል ነው?» የሚል ነው። ከዚህ በታች የምንገልጸው አሠራር፣ መብራቱ የእጅን ፈቃድ ትቶ የሐዲዱን እውነት እንዲናገር፣ እውነቱንም ለማወቅ ባልቻለ ጊዜ ሁልጊዜ «ቁም» እንዲል የሚያደርግ ነው።

ምልክት ስለ ምን አስፈለገ

መኪና የሚነዳ ሰው በፊቱ እንቅፋት ባየ ጊዜ ፍሬኑን ረግጦ ሊቆም ይችላል። ባቡር ግን የብረት መንኮራኩር በብረት ሐዲድ ላይ ስለሚሽከረከርና ክብደቱም እጅግ ብዙ ስለሆነ፣ በፍጥነት ሲሄድ ለመቆም ብዙ መቶ ሜትር፣ አንዳንድ ጊዜም ከአንድ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ርቀት ያስፈልገዋል። ነጂው እንቅፋቱን በዓይኑ እስኪያየው ድረስ ከጠበቀ ጊዜው አልፎበታል። ስለዚህ የባቡር ነጂ ከዓይኑ ይልቅ የሚያምነው መብራቱን ነው። መሥመሩ በብዙ ክፍል ይከፈላል፤ በአንድ ክፍል ውስጥ በአንድ ጊዜ ከአንድ ባቡር በቀር እንዳይገባ ይወሰናል፤ በየክፍሉም መግቢያ ላይ ምልክት ይቆማል። አረንጓዴ መብራት ማለት እንግዲህ ጌጥ ሳይሆን፣ «በፊትህ ያለው ክፍል ባዶ ነው» የሚል የምስክርነት ቃል ነው። በዚህ ቃል ላይ በመቶ የሚቈጠሩ ሰዎች ሕይወታቸውን አስጠብቀው ያንቀላፋሉ።

በአገራችንም ባቡር ድሬዳዋ ከደረሰበት ከ1902፣ አዲስ አበባም ከገባበት ከ1917 ጀምሮ ይህ ነገር እንግዳ አይደለም። በ2016 ተመርቆ የተከፈተው የኤሌክትሪክ ባቡር መሥመርም እንዲሁ የምልክትን ሥራ የሚጠይቅ ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስታውስ።

ምልክት ከተሠራ ጀምሮ ጠቢባንን ያስጨነቃቸው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም «መሣሪያው በተበላሸ ጊዜ ምን ይላል?» የሚለው ነው። በጥር ወር 1876 በእንግሊዝ አገር አቦትስ ሪፕተን በሚባል ስፍራ ብርቱ በረዶ ይወርድ ነበር። በዚያ ዘመን ምልክቱ በረዥም ግንድ ላይ የተሰቀለ ክንድ ነበር፤ ክንዱ ቀጥ ብሎ ሲዘረጋ «ቁም»፣ ወደ ታች ሲወርድ «እለፍ» ማለት ነው። የዘወትር አቋሙም «እለፍ» የሚለው ነበር። በረዶው ክንዶቹን እንደ ወረዱ አጣብቆ ያዛቸው፤ ጠባቂው ባቡሩን ለማስቆም መዘውሩን ቢስብም ክንዱ አልታዘዘም። ፈጣኑ ባቡር በ«እለፍ» ምልክት አልፎ ከድንጋይ ከሰል ባቡር ጋር ተላተመ፤ ከወዲያ በኩል የመጣ ሌላ ባቡርም በስብርባሪው ላይ ወጣበት፤ 13 ሰዎች ሞቱ። ከዚህ በኋላ ሥርዓቱ ተገለበጠ። የምልክት የዘወትር አቋም «ቁም» እንዲሆን፣ «እለፍ» የሚባለውም ባቡር ሊያልፍ በተፈቀደለት ጊዜ ብቻ እንዲሆን ተደረገ።

ስለ መብራቱ ቀለምም የሆነው እንደዚሁ ነው። በቀደመው ዘመን ነጭ መብራት «እለፍ»፣ አረንጓዴ «ተጠንቀቅ»፣ ቀይ «ቁም» ማለት ነበር። ነገር ግን የፋኖሱ ቀይ መስተዋት ተሰብሮ ሲወድቅ የሚታየው ነጩ ነበልባል ነው፤ ስለዚህ «ቁም» ማለት የሚገባው ፋኖስ በመሰበሩ ምክንያት «እለፍ» ብሎ ይዋሻል ማለት ነው። ነጩ ቀርቶ አረንጓዴው «እለፍ» እንዲሆን፣ ቢጫውም በ«ተጠንቀቅ» ስፍራ እንዲተካ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ እንደሚባለው፣ የምልክት ሠሪዎች ጥበብ በሙሉ የተመሠረተው የገዛ መሣሪያቸውን በመጠርጠር ላይ ነው።

ስለ ሮቢንሰን ብልሃት

ለቤታችን ባቡር የሚጠቅመንን ብልሃት ያገኘው ዊልያም ሮቢንሰን የሚባል አሜሪካዊ ነው። ይህ ሰው አስቀድሞ የሠራው መሣሪያ ባቡሩ በደረሰ ጊዜ የኤሌክትሪክ ኃይል አልፎ «ቁም» የሚለውን ምልክት እንዲያሳይ ነበር። ይህ አሠራር ላይ ላዩን ሲያዩት ትክክል ይመስላል፤ ነገር ግን ሽቦው ተበጥሶ ወይም ባትሪው ደክሞ እንደ ሆነ ባቡር እያለ ምልክቱ ዝም ይላል፤ ዝምታውም «እለፍ» ሆኖ ይቈጠራል። ሮቢንሰን ይህን ተመልክቶ ነገሩን ገለበጠው። በ1872 መብት ባገኘበት በአዲሱ አሠራር፣ የኤሌክትሪክ ኃይል በሐዲዱ ውስጥ ዘወትር ይመላለሳል፤ አረንጓዴውን የሚይዘው ይህ ኃይል ነው። ባቡር በገባ ጊዜ መንኮራኩሩና ዘንጉ ሁለቱን ሐዲድ ያገናኛሉ፤ ኃይሉም በአጭሩ መንገድ ስለሚመለስ ምልክቱ አረንጓዴውን ለቆ ወደ ቀይ ይወድቃል። ሽቦ ቢበጠስ፣ ባትሪ ቢሞት፣ ሐዲድ ቢሰበር ኃይሉ ያው ስለሚቋረጥ ምልክቱ ቀይ ይሆናል። እንግዲህ ቀዩ ምንም ድካም ሳይጠይቅ ይገኛል፤ አረንጓዴው ግን በየቅጽበቱ መረጋገጥ አለበት።

ከዚህ የሚበልጥ ትምህርት ለልጅ ማግኘት ያስቸግራል። ልጁ ይህን በሽቦና በአምፑል በገዛ እጁ ሲሠራው፣ ማስረጃ ሳይኖር «ደኅና ነው» ማለት ምን ያህል ከባድ ነገር እንደ ሆነ ያለ ብዙ ቃል ይገባዋል።

ስለሚያስፈልጉት ዕቃዎች

ይህን ብልሃት በቀላሉ ለመሥራት የሚመቸው በመካከል ሦስተኛ ማስተላለፊያ ያለው የባቡር ዓይነት ነው። በጀርመን አገር በጎፒንገን ከተማ በ1859 የተመሠረተው የሜርክሊን ፋብሪካ ትንሹን ባቡር፣ በአሜሪካም በ1900 የተጀመረው ሊዮኔል የሚባለው ባቡር በዚህ ዓይነት ይታወቃሉ። በእነዚህ ባቡሮች ለሞተሩ የሚሆነው ኃይል በመካከለኛው ማስተላለፊያ ይገባል፣ በዳርና በዳር ባሉት ሁለት ሐዲዶች ይመለሳል። ሁለቱ የዳር ሐዲዶች ለመመለሻ አንድ ስለሆኑ የብረት መንኮራኩሮቹ ቢያገናኟቸው ጉዳት የለውም። ስለዚህም ከሁለቱ አንዱን ሐዲድ በተወሰነ ርዝመት ለይቶ ለምልክት ማዋል ይቻላል።

ሁለት ሐዲድ ብቻ ባለው ባቡር ግን ግራው ሐዲድ አንዱን፣ ቀኙ ሐዲድ ሌላውን የኃይል ጫፍ ስለሚይዝ መንኮራኩሮቹ እርስ በርሳቸው በማይነካኩበት አኳኋን ተሠርተዋል፤ ለዚያ የሚሆነው መሣሪያ ባቡሩ የሚወስደውን ኃይል የሚመዝን ሌላ ዓይነት ነው። ስለዚህ ሥራውን ከመጀመር በፊት በቤት ያለው ባቡር ከሁለቱ የትኛው እንደ ሆነ መርምሮ ማወቅ ይገባል።

ዕቃዎቹ እነዚህ ናቸው፤ 12 ቮልት ቀጥተኛ ኃይል የሚሰጥ፣ ከባቡሩ ኃይል ሰጪ የተለየ አንድ ትራንስፎርመር፤ የ6 ቮልት አንድ ሪሌ፤ ሁለት ኤል ኢ ዲ የሚባሉ ትንንሽ መብራቶች፣ አንዱ ቀይ አንዱ አረንጓዴ፤ ሬዚስተር የሚባሉ የኃይል መመጠኛዎች፤ ቀለማቸው የተለያየ ቀጫጭን ሽቦዎች፤ ፒንሳ፣ ካቻቪቴና ናስትሮ። ሪሌ ማለት በውስጡ ሽቦ የተጠመጠመበት ማግኔት ያለው ማብሪያ ነው። ኃይል ሲያገኝ ማግኔቱ ምላሱን ይስባል፤ ኃይል ሲያጣ ምላሱ በሞላው ኃይል ወደ ዕረፍት ስፍራው ይመለሳል። ለምልክት ሥራ የታመነ የሚያደርገውም ይህ መመለሱ ነው።

ወላጅ ሊጠነቀቅበት የሚገባ አንድ ትልቅ ነገር አለ። ከግድግዳው ሶኬት የሚወጣው 220 ቮልት የሚገድል ኃይል ነው። ልጅ የሚነካው ከትራንስፎርመሩ ወዲህ ያለውን 12 ቮልት ብቻ ይሁን፤ ትራንስፎርመሩ ፋብሪካው እንደ ዘጋው ይቆይ፤ ሽቦ በሚቀየርበት ጊዜም አስቀድሞ ከሶኬቱ ይነቀል።

ስለ አሠራሩ

በመጀመሪያ ከመሥመሩ አንድ ክፍል ይመረጣል፤ ዋሻው ያለበት ክፍል ቢሆን መልካም ነው፤ ምክንያቱም ምልክት የሚያስፈልገው ዓይን በማያይበት ስፍራ ነውና። ክፍሉ ከረዥሙ ባቡር የሚያንስ አይሁን። ከሁለቱ የዳር ሐዲዶች አንዱ በክፍሉ መግቢያና መውጫ ላይ ኃይል በማያሳልፍ መጋጠሚያ ይለያል፤ ከሐዲዱ በታች ሁለቱን የዳር ሐዲዶች የሚያገናኝ ብረት ቢኖርም ይቋረጣል። ይህን «የተለየው ሐዲድ» እንበለው። ያልተነካውን ወገን ደግሞ «የጋራው ሐዲድ» እንበለው።

ከዚህ በኋላ ከ12 ቮልቱ ትራንስፎርመር አሉታዊውን ጫፍ ከጋራው ሐዲድ ጋር ያያይዟል። አዎንታዊውን ጫፍ በአንድ ሬዚስተር አሳልፈው በክፍሉ መውጫ በኩል ከተለየው ሐዲድ ጋር ያገናኙታል። ሪሌው የሚቀመጠው በሌላው ዳር፣ ይኸውም በመግቢያው በኩል ነው፤ የጥምጥሙ አንደኛ ጫፍ ከተለየው ሐዲድ፣ ሁለተኛው ጫፍ ከጋራው ሐዲድ ጋር ይያያዛል። ኃይሉ በአንድ ዳር ገብቶ የሐዲዱን ርዝመት በሙሉ ካቋረጠ በኋላ በሌላው ዳር ሪሌውን እንዲያገኝ መደረጉ ያለ ምክንያት አይደለም። ሁለቱን ሽቦዎች በአንድ ስፍራ ቢያስሯቸው ሪሌው ይሠራል፤ ነገር ግን ከዚያ ወዲያ ሐዲዱ ቢቋረጥ ምንም አያውቅም። ዳርና ዳር ሲሆን ግን ሐዲዱ ራሱ የምስክሩ አካል ይሆናል።

መጠኑን በቍጥር እንግለጽ። የሪሌው ጥምጥም 100 ኦም ቢሆን፣ ሬዚስተሩም 100 ኦም ይሁን፤ ያን ጊዜ 12 ቮልቱ እኩል ተከፍሎ ለሪሌው የሚገባው 6 ቮልት ይደርሰዋል። ባቡር ገብቶ ሁለቱን ሐዲድ ባገናኘ ጊዜ ግን 12 ቮልቱ በሙሉ በሬዚስተሩ ላይ ይወድቃል፤ በዚያም ጊዜ አንድ ዋት ተኩል ያህል ሙቀት ስለሚያወጣ፣ ቢያንስ 3 ዋት የሚችል ሬዚስተር መግዛት፣ ከወረቀትና ከጨርቅም ማራቅ ይገባል። ለመብራቶቹ ደግሞ ለእያንዳንዳቸው አንድ የ1000 ኦም ሬዚስተር ይበቃል፤ ቀዩ ኤል ኢ ዲ 2 ቮልት ያህል ሲወስድ የቀረው 10 ቮልት በሬዚስተሩ ላይ ይቀራልና፣ የሚያልፈው ኃይል 10 ሚሊ አምፔር ይሆናል። ያለ ሬዚስተር የተያያዘ ኤል ኢ ዲ ወዲያው ይቃጠላል። ከሁለቱ እግሮቹ ረዥሙ የአዎንታዊው ወገን ነው፤ ቢገለበጥ አይበራም።

መብራቶቹ ከሪሌው ምላስ ጋር የሚያያዙት እንዲህ ነው። ከ12 ቮልቱ አዎንታዊ ጫፍ ለምላሱ ኃይል ይሰጠዋል፤ ምላሱ ሲያርፍ የሚነካው ጫፍ ወደ ቀዩ መብራት፣ ሲሳብ የሚነካው ጫፍ ወደ አረንጓዴው መብራት ይሄዳል፤ ከሁለቱም መብራቶች የሚወጣው ሽቦ ወደ አሉታዊው ይመለሳል። ይህ ሲገለበጥ ሥራው ሁሉ ከንቱ ይሆናል፤ ቀዩ የዕረፍቱ፣ አረንጓዴው የተሳበው መሆኑን ሁለት ጊዜ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ምልክቱ የሚሰቀልበት ግንድ መጠኑን እንዲጠብቅ የሚሻ ሰው፣ ባቡሩ ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያነሰው ዓይነት ከሆነ፣ 5 ሜትር ቁመት ያለው እውነተኛ ምልክት በጠረጴዛው ላይ ወደ 57 ሚሊ ሜትር እንደሚመጣ ያስላ።

ይህ ሁሉ ተፈጽሞ ኃይሉ ሲከፈት፣ ክፍሉ ባዶ ከሆነ ሪሌው ጠቅ ብሎ አረንጓዴው ይበራል። ባቡሩ የመጀመሪያውን መንኮራኩር ሲያስገባ ቀይ ይሆናል፤ የመጨረሻው ፉርጎ እስኪወጣ ድረስም ቀይ እንደ ሆነ ይቆያል። ለዚህ ግን ፉርጎዎቹ የብረት መንኮራኩርና የብረት ዘንግ ያላቸው መሆን አለባቸው፤ የፕላስቲክ መንኮራኩር ያለው ፉርጎ ለሐዲዱ የማይታይ ነው። ሐዲዱም በአቧራና በዝገት ከተሸፈነ መንኮራኩሩ በደንብ ስለማይነካው፣ በየጊዜው በንጹሕ ጨርቅ ይወልወል። አንድ ፉርጎ በዋሻው ውስጥ ተቈርጦ ቢቀር ማንም ሳያየው መብራቱ ቀይ ሆኖ ይቀራል፤ ልጁ «ለምን አረንጓዴ አልሆነም?» ብሎ ዋሻውን ሲፈትሽ የጠፋውን ፉርጎ ያገኘዋል።

አንዳንድ ሰዎች ቀይ በበራ ጊዜ የባቡሩ ኃይል በራሱ እንዲቋረጥና ባቡሩ እንዲቆም ያደርጋሉ። ሊሠራ ይቻላል፤ ምክራችን ግን ለጊዜው ይቆይ ነው። በመጀመሪያ ልጁ ቀዩን አይቶ በገዛ እጁ ባቡሩን ማቆም ይልመድ። ምልክቱ እውነት የመናገር፣ ነጂው የመታዘዝ ድርሻ አላቸው፤ ልጁም ሁለቱን ድርሻ ለየብቻው ቢያውቃቸው ይሻላል።

ስለ ተረሳው ሽቦ

ከዚህ በላይ የተነገረው አሠራር የተበጠሰን ሽቦ ያጋልጣል። አንድ ነገር ግን አያጋልጥም፤ እርሱም የማይገባበት ስፍራ የገባ ትርፍ ሽቦ ነው። አንድ የቆየ ሽቦ ተንጠልጥሎ ቀርቶ ለሪሌው ጥምጥም ከሌላ ስፍራ ኃይል ቢሰጠው፣ ባቡር በክፍሉ ውስጥ እያለ ሪሌው እንደ ተሳበ ይቀራል፤ አረንጓዴውም በሐሰት ይበራል። ይህ በሐሳብ ብቻ የሚነገር ነገር አይደለም።

በዲሴምበር 12 ቀን 1988 ማለዳ በሎንዶን ከተማ በክላፋም መገናኛ አጠገብ፣ ሰዎችን ወደ ሥራ የሚያደርስ አንድ ባቡር በሐዲዱ ላይ ቆሞ ነበር። ከኋላው ያለው ምልክት ቀይ መሆን ሲገባው አረንጓዴ ስላሳየ፣ ተከታዩ ባቡር መጥቶ መታው፤ ባዶውን የሚሄድ ሦስተኛ ባቡርም በስብርባሪው ላይ ደረሰ። 35 ሰዎች ሞቱ፤ ከ400 የሚበልጡ ቈሰሉ። በ1989 የታተመው የምርመራ መግለጫ ምክንያቱን አስረዳ። የምልክቱ ሽቦዎች በአዲስ እየተተኩ ሳለ፣ አንድ አሮጌ ሽቦ በአንድ ጫፉ ብቻ ተፈትቶ ሌላው ጫፉ ኃይል እንዳለው ቀርቶ ነበር፤ የተፈታው ጫፍም አልተቈረጠም፣ አልተሸፈነም፣ ርቆም አልታሰረም። ከሁለት ሳምንት በኋላ በዚያው ክፍል ሌላ ሥራ ሲሠራ ሽቦው ተነቅንቆ ወደ ቀድሞ ስፍራው ተመለሰና ነካ፤ ለሪሌውም የማይገባውን ኃይል ሰጠው። ሽቦዎቹን ቈጥሮ የሚያረጋግጥ ሁለተኛ ሰው አልነበረም። ሠራተኛውም ከዚያ በፊት በነበሩት 13 ሳምንታት ያረፈው አንድ ቀን ብቻ እንደ ነበር ታወቀ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ክፉ ሐሳብ ያለው ሰው አይገኝም። የሚገኘው የደከመ እጅ፣ ያልተፈጸመ ሥራና ያልተደረገ ቍጥጥር ነው። በመሥሪያ ቤት የቆየ ሰው ሁሉ ይህን ያውቀዋል፤ አዲሱ ደብዳቤ ሲጻፍ አሮጌው ካልተሻረ፣ ሁለቱ አንድ ቀን ተገናኝተው ነገር ያበላሻሉ።

ስለዚህ በቤታችን ጠረጴዛ ሥር ላለው ሽቦ ጥቂት ደንብ እናውጣለት። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ሥራ የራሱ ቀለም ይኑረው፤ ለምሳሌ አዎንታዊው ቀይ፣ አሉታዊው ጥቁር፣ ወደ ሪሌው የሚሄደው ሰማያዊ ይሁን፤ «ቀይ ስላለቀብኝ በጥቁር ተካሁት» ማለት አይፈቀድም። ሁለተኛ፣ አንድ ደብተር ተከፍቶ እያንዳንዱ ሽቦ በቍጥር፣ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ፣ በስንት ቀን እንደ ተያያዘ ይጻፍ። ሦስተኛ፣ ከሥራ የወጣ ሽቦ በሁለቱም ጫፍ ተፈትቶ ከጠረጴዛው ይውጣ፤ ለጊዜው የሚቆይ ቢሆን እንኳ ጫፉ ተቈርጦ በናስትሮ ይጠቅለልና ርቆ ይታሰር። አራተኛ፣ የሠራው ልጅ ሥራውን ለብቻው አይመርምር፤ እኅቱ ወይም ወንድሙ፣ ካልሆነም እናቱ፣ ደብተሩን ይዘው ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ይቍጠሩ። ቍጥሩ በደብተሩ ካለው አንድ ቢበልጥ ወይም ቢያንስ ኃይል አይከፈትም። አምስተኛ፣ ልጁ በደከመውና እንቅልፍ በመጣበት ሰዓት ሽቦ አይነካ፤ የቀረው ለነገ ይቆይ።

የመጨረሻው ደንብ ስለ ጠፋ መብራት ነው። ቀዩም አረንጓዴውም ያልበራበት ምልክት «እለፍ» እንደ ማለት አይቈጠርም። ኤል ኢ ዲው ተቃጥሎ ወይም ኃይል ጠፍቶ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ዝም ያለ ምልክት እንደ ቀይ ተቈጥሮ ባቡሩ ይቆማል። ልጆች ይህን ደንብ በመጀመሪያ ይከራከሩበታል፤ «ምንም አላለኝምና አለፍሁ» ይላሉ። መልሱ አጭር ነው፤ የማለፍ ፈቃድ በዝምታ አይገኝም።

ሥራው ተፈጽሞ ደብተሩም ተቈጥሮ ካለቀ በኋላ፣ ቤተ ሰቡን ሁሉ ሰብስቦ ፈተና ማድረግ ያስፈልጋል። ፈተናው ባቡሩ ሲሄድ መብራቱ ማማሩን ማየት አይደለም። ባቡሩ ከክፍሉ ይውጣ፣ አረንጓዴውም ይብራ፤ ከዚያም ከቤቱ ታናሽ የሆነው ልጅ ከ12 ቮልቱ ሽቦዎች አንዱን መርጦ ከስፍራው ይንቀል። መብራቱ ቀይ ቢሆን ወይም ቢጠፋ ያ ሽቦ ታማኝ ነው፤ ወደ ስፍራው ተመልሶ ቀጣዩ ይነቀል። እንዲህ እየተባለ ሁሉም ይፈተን። የቀዩን መብራት ሽቦዎች ለመፈተን ግን አስቀድሞ ባቡሩን በክፍሉ ውስጥ አቁሞ ቀዩን ማብራት ያስፈልጋል። ከተነቀሉት ሽቦዎች በአንዱ ምክንያት እንኳ፣ ባቡር በዋሻው ውስጥ ቆሞ ሳለ አረንጓዴው በርቶ ከታየ፣ ያ ምልክት ገና አልተሠራም፤ ደብተሩ ተከፍቶ ሥራው ከመጀመሪያው ይታይ።